ስም እያለው ነጋሪ ያጣ ቡና

በሀገራችን ንግድና ማስታወቂያ አንድ ላይ ሲነሱ ብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታወሰን ጩኸት ነው። ሞንታርቦ የጫነች መኪና፣ በሱቅ በር ላይ የተሰቀለ ድምፅ ማጉያ፣ «እንዳያመልጥዎ! ምርጥ! ተወዳዳሪ የሌለው!» የሚል የተቀዳ ንግግር። እኔ ተወልጄ ባደግሁባት ሊሙ ገነትም የገበያ ቀን ከዚህ የተለየ አይደለም። ሦስት ሱቆች ጎን ለጎን ተደርድረው ሦስቱም «ተወዳዳሪ የለንም» ይላሉ። ሦስት ተወዳዳሪ የሌላቸው ሱቆች በአንድ መንገድ ላይ እንዴት ሊገኙ ቻሉ ብሎ የሚጠይቅ ገዢ ግን የለም። ገዢው የማይጠይቀው አምኖ አይደለም፤ መስማት ስላቆመ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ጉዳይ ከዚህ ጩኸት ሌላ መንገድ እንዳለ ነው። ፈረንጆቹ «ኮንተንት ማርኬቲንግ» ይሉታል። ስሙ ከበድ ቢልም ነገሩ ቀላል ነው። ነጋዴው «ግዙኝ» ከማለቱ በፊት ለገዢው የሚጠቅም፣ የሚያስተምር ወይም እውነተኛ ታሪክ የያዘ ነገር ይሰጣል። ጽሑፍ ሊሆን ይችላል፣ ፎቶ፣ አጭር ቪዲዮ፣ ወይም በማሸጊያ ላይ የታተመ አንድ አንቀጽ። ገዢው ከተጠቀመ ያምናል፤ ካመነ ይመለሳል። በእኔ አመለካከት ለሊሙ ገነትና በጅማ ዙሪያ ላሉ የቡና ከተሞች ከዚህ የሚስማማ የገበያ ዘዴ የለም። ምክንያቱም እኛ የጎደለን ዕቃ አይደለም፣ ዝናም አይደለም። የጎደለን ነጋሪ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም

አንዳንዱ ይህን የፌስቡክና የቲክቶክ ዘመን ፈጠራ አድርጎ ይቆጥረዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ጆን ዲር የተባለው የአሜሪካ የእርሻ መሣሪያ አምራች እ.ኤ.አ. በ1895 ለገበሬዎች «ዘ ፈሮው» የሚል መጽሔት ማዘጋጀት ጀመረ። መጽሔቱ ገበሬው እርሻውን እንዴት እንደሚያሻሽል ይመክራል። የሚመክረውን ያመነ ገበሬ ማረሻ ሲያስፈልገው ወዴት እንደሚሄድ መገመት አያቅትም። መጽሔቱ ዛሬም ይታተማል።

በፈረንሳይ ደግሞ ጎማ ይሠሩ የነበሩት የሚሽሊን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1900 አንዲት ትንሽ መመሪያ አሳትመው በነፃ አደሉ። ያኔ በፈረንሳይ የነበረው መኪና ሦስት ሺሕ እንኳ አይሞላም ነበር። መመሪያዋ ካርታ፣ የመኪና ጥገና ቦታ፣ ማደሪያና መመገቢያ ቤቶችን ትጠቁማለች። ሰው መንገዱን ካወቀ ይጓዛል፤ ከተጓዘ ጎማው ያልቃል። ጎማ ሻጮቹ «ጎማችን ምርጥ ነው» ከማለት ይልቅ ሰዉን መንገድ አስወጡት። ብልሃት ማለት ይህ ነው።

ወደ ሀገራችን ስንመለስም አርአያ አናጣም። የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሀገሪቱን ለዓለም ያስተዋወቁት «የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ» በሚል መፈክር ነው። እስቲ ይህን አባባል ልብ እንበለው። «ኢትዮጵያ ከሁሉ ሀገር ትበልጣለች» አላሉም። በእጃቸው ያለውን፣ ሌላው የሌለውን አንድ እውነት ነገሩ። የሰማው ጎብኚ «እንዴት አሥራ ሦስት ወር?» ብሎ እንዲጠይቅ አደረጉት። የጠየቀ ሰው ደግሞ ግማሽ መንገድ መጥቷል ማለት ነው። መፈክሩ እ.ኤ.አ. በ2016 «ምድረ ቀደምት» በሚለው እስኪተካ ድረስ ለአሥርት ዓመታት አገልግሏል።

በእኛ ዘመን ደግሞ የሶልሬብልስን ታሪክ ማንሳት ይቻላል። ወይዘሮ ቤተልሔም ጥላሁን በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር የመሠረተችው ይህ የጫማ ድርጅት መነሻው ሁላችንም የምናውቀው፣ ከመኪና ጎማ የሚሠራው ባራባሶ ነው። ባራባሶን እኛ የድሃ ጫማ እያልን ስናልፈው እሷ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሚሠራው፣ በምን እጅ እንደሚሠራ ለዓለም ተናገረችና በውጭ ከተሞች መደብር ላይ አስቀመጠችው። ጎማው ያው ጎማ ነው። የተለወጠው አሠራሩና አነጋገሩ ነው።

ስም የሚያወጣው ዋጋ

ወደ ቡና ስንመጣ የስም ነገር ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲያመለክት የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃወመ። ጉዳዩ ከስታርባክስ ጋር ከፍተኛ ክርክር አስነሣ፤ ኦክስፋም የተባለው ግብረ ሠናይ ድርጅትም ዓለም አቀፍ ዘመቻ አካሄደ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2007 ስታርባክስና ኢትዮጵያ ተስማምተው ፈረሙ። አንድ ትልቅ ኩባንያ በሦስት የቦታ ስሞች ምክንያት ያን ያህል የተነጋገረው ለምን ይመስላችኋል? ፍሬው ያው የቡና ፍሬ ነው። ገዢው ግን «ይርጋጨፌ» የሚለውን ቃል ሲያነብ ተጨማሪ ገንዘብ ለመክፈል ፈቃደኛ ስለሆነ ነው።

ስም ግን በሁለት በኩል እንደተሳለ ቢላዋ ነው። የእኛው የጅማ ስም ምስክር ነው። በዓለም የቡና ገበያ «ጅማ 5» የሚባል ደረጃ አለ። ያልታጠበ፣ በጀንፈል የደረቀ፣ በብዛት የሚላክና በርካሽ የሚሸጥ ቡና ነው። ከዚህ የተነሣ ባሕር ማዶ ያለ አንድ ገዢ «ጅማ» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ርካሽ ቡና ነበር። ቡናው ከተፈጥሮው መጥፎ ስለሆነ አይደለም። በአለቃቀምና በአደራረቅ ጉድለት የመጣ ስም ነው፤ ያንን ስም የሚያርም ሌላ ታሪክ ደግሞ ለብዙ ዘመን አልተነገረም። ስለራስህ ካልተናገርክ ሌላው ስለአንተ የሚናገረው ስምህ ሆኖ ይቀራል።

ታዲያ ይህ ሊለወጥ ይችላል? ይችላል። ማስረጃውም ሩቅ አይደለም፤ አጋሮ አጠገብ፣ ጎማ ወረዳ ነው። ዱሮሚና የተባለው የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2010 ተቋቋመ። አባላቱ ቀድሞ ቡናቸውን በጀንፈል አድርቀው እንደ ማንኛውም ተራ ቡና የሚሸጡ ገበሬዎች ነበሩ። ቴክኖሰርቭ በተባለ ድርጅት የሙያ ድጋፍ፣ በባንክ ብድር የእሸት ቡና መፈልፈያ ተከሉ። ቀይ እሸቱን ብቻ መልቀም፣ በዕለቱ መፈልፈል፣ ማጠብና በአልጋ ላይ ማድረቅ ጀመሩ። በሁለተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ዓለም አቀፍ ቀማሾች በተሰየሙበት የአፍሪካ ቡናዎች ውድድር የዱሮሚና ቡና አንደኛ ወጣ። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ ቡና ቆልተው የሚሸጡ ታዋቂ ድርጅቶች «ዱሮሚና» የሚለውን ስም በማሸጊያቸው ላይ አትመው መሸጥ ያዙ። ከስሙ ጋርም ታሪኩን አተሙ፤ ገበሬዎቹ እነማን ናቸው፣ ቡናው በምን ከፍታ ላይ ይበቅላል፣ እንዴት ታጠበ፣ ማኅበሩ በትርፉ ምን ሠራ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ ሥራው ከወሬው ቀድሟል። መፈልፈያው ሳይተከል ታሪኩ ቢነገር ኖሮ ባዶ ጩኸት በሆነ ነበር። ሁለተኛ፣ ሥራው ብቻውን አልበቃም። ያን ቡና ከሌላው ለይቶ የሚያስጠራ ስምና ታሪክ ባይከተለው ኖሮ ከሌላ ቡና ጋር ተደባልቆ በሄደ ነበር።

ሊሙስ?

ሊሙ በዓለም ገበያ ጥሩ ስም ካላቸው የታጠቡ ቡናዎች አንዱ ነው። ገዢዎች ወይን መሰል ጣዕሙን ያወድሳሉ። ነገር ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በገበያው ምደባ «ሊሙ» የሚባለው ከሊሙ ወረዳዎች የሚመጣ ቡና ብቻ አይደለም። በጎማ፣ በማናና በሌሎችም የጅማ ዞን ወረዳዎች የታጠበ ቡና በዚሁ ስም ይጠራል። ስለዚህ «ሊሙ» ሰፊ ጃንጥላ ነው። ከጃንጥላው ሥር ያለው ቀበሌ፣ መፈልፈያ፣ ገበሬ አይታይም።

ይህ የሆነበት ምክንያት አለው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ በ2001 ዓ.ም. ቡና ወደ ገበያው ሲገባ የክፍያ ዋስትናና የዋጋ መረጃ በማምጣት ብዙ ችግር አቃልሏል። ያንን መካድ አይገባም። ሆኖም ቡናው በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ከሌላው ጋር በአንድ መጋዘን ሲቀመጥ የማን እንደሆነ መለየት አልተቻለም። የማን እንደሆነ የማይታወቅ ቡና ደግሞ ታሪክ ሊነገርለት አይችልም። በዚያ ዘመን የሊሙ አቅራቢ ስለቡናው ቢጽፍ ጽሑፉ ለማን ይጠቅማል? ከኅብረት ሥራ ማኅበራትና ከትልልቅ እርሻዎች በቀር በቀጥታ ለውጭ ገዢ የሚያቀርብ ጥቂት ነበር። ይህ በቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ተለውጧል። ከዚያ ወዲህ የቡናውን ምንጭ ጠብቆ ከምርት ገበያው ውጭ ጭምር መሸጥ የሚቻልበት በር ተከፍቷል። በሩ ሲከፈት ግን ብዙዎቻችን የምንናገረው አላዘጋጀንም ነበር።

የምንናገረው ስለሌለ ነው እንዳይባል፣ ሊሙ እናርያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጊቤ መንግሥታት መካከል ስመ ጥር ነበር። በአባ ባጊቦ ዘመን፣ ከ1825 እስከ 1861 እ.ኤ.አ.፣ የሰቃ ገበያ ከጎንደርና ከምጽዋ መሥመር የሚመጡ የሲራራ ነጋዴዎች የሚገናኙበት ትልቅ ማዕከል ነበር። ፈረንሳዊው ተጓዥ አንቷን ዳባዲ በ1843 እ.ኤ.አ. እናርያን አይቶ ጽፏል። በሌላ አነጋገር ነጋዴነት ለዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም። ይህን ታሪክ በአንድ የሊሙ ቡና ማሸጊያ ላይ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላነበብሁም። የማነበው የፍየል እረኛውን የካልዲን ተረት ነው።

ስለ ካልዲ አንድ ነገር ልበል። የፍየሎቹ ታሪክ በጽሑፍ የታየው ፋውስቱስ ናይሮን የተባለ ሰው በ1671 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ነው። በዚያም ላይ «ካልዲ» የሚል ስም የለም። ተረት መሆኑ አይከፋም፤ ጣፋጭ ተረት ነው። ችግሩ ሁሉም የሚናገረው መሆኑ ነው። ከአዲስ አበባ ካፌ እስከ አሜሪካ ቡና ቤት ሁሉም ፍየሎቹን ካስጨፈራቸው፣ ፍየሎቹ ማንንም ከማንም አይለዩም። የቡና መገኛ ጮጬ ነው፣ የለም ከፋ ማንኪራ ነው የሚለው ክርክርም እንዲሁ ነው። የሚመለከታቸው ምሁራን ይመርምሩት። ለነጋዴው የሚጠቅመው ግን «የመጀመሪያው እኛ ነን» ማለት ሳይሆን «ዘንድሮ በእጃችን ያለው ይህ ነው» ማለት ነው።

አንድ ሰፈር፣ አንድ ፌስታል

ነገሩን ወደ መሬት ላውርደው። በእኛ ሰፈር ቡና ቆልተውና ፈጭተው በፌስታል እያሸጉ ለመንገደኛ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። አንድ ቀን፣

«እማማ፣ ይህ ቡና ከየት ነው የሚያመጡት?» አልኋቸው።

«ከየት ይመጣል ልጄ? ከጓሮ ነዋ!» ብለው ሳቁብኝ።

ቁጭ ብዬ ስጠይቃቸው ግን ጓሮው የወንድማቸው መሆኑን፣ ቡናው በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር እንደሚበቅል፣ ቀዩን ብቻ እየለቀሙ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ እንደሚያደርቁት፣ ሲቆሉም ሽታው ሲለወጥ እንጂ በቀለሙ ብቻ እንደማያወጡት አስረዱኝ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ነገሩኝ። ፌስታሉን አገላብጬ ባየው አንድም ቃል የለበትም። አጠገባቸው የሚሸጠው፣ ከየትም ተሰብስቦ የተቆላ ቡና ግን በሚያብረቀርቅ ማሸጊያ «ኤክስፖርት ስታንዳርድ» ተብሎ ተጽፎበታል። ለውጭ ገበያ የተዘጋጀን ቡና ያለ ፈቃድ በሀገር ውስጥ መሸጥ በሕግ የተከለከለ መሆኑን ስናስብ፣ ያ ጽሑፍ እውነት ከሆነ ሕግ መጣስ፣ ውሸት ከሆነ ገዢን ማታለል ነው። መንገደኛው ግን ይህን ከየት ያውቃል? የሚያብረቀርቀውን አንሥቶ ይሄዳል።

የእኚህ እናት ነገር ነው እኔን የሚያንገበግበኝ። እውነት ያለው ዝም ብሏል፤ ዝም ማለት የሚገባው ይጮሃል። አበው «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። ለክርክርና ለጠብ ትክክል ነው። ለንግድ ግን ዝምታ ይነቅዛል።

እንግዲህ እኚህን መሰል ትንሽ ነጋዴ ምን ይናገር? ሚሊዮን ብር፣ ቢልቦርድ፣ የቴሌቪዥን ሰዓት አያስፈልገውም። አንድ ስልክና የቴሌግራም ቻናል፣ እሱም ቢቀር በፌስታሉ ውስጥ የምትገባ ቁራጭ ወረቀት ይበቃል። በኔ ግምት መመለስ ያለባቸው ጥያቄዎች አምስት ናቸው። ቡናው ከየት ቀበሌ ነው? መቼ ተለቀመ? እንዴት ደረቀ ወይም ታጠበ? ገዢው ቤቱ ወስዶ እንዴት ያስቀምጠው፣ እንዴት ያፍላው? አምስተኛው ደግሞ፣ ይህ ቡና ለማን አይሆንም? የመጨረሻው ያስገርም ይሆናል። ነገር ግን «ይህ ቡና ቀለል ተደርጎ የተቆላ ስለሆነ ጠቆር ያለ ለሚወዱ ላይስማማ ይችላል» ያለ ነጋዴ የቀረው አራቱ ይታመንለታል። ሁሉን የሚያመሰግን ማንም አያምነውም።

ቋንቋም ይታሰብበት። የሊሙ ገነት ገበያተኛ አብዛኛው የሚነጋገረው በአፋን ኦሮሞ ነው። መንገደኛውና የአዲስ አበባው ገዢ አማርኛ ያነብባል። ሁለቱንም መጻፍ ወጪው ጥቂት ነው፣ የሚያመጣው ቅርበት ግን ብዙ ነው። እኛ የምናያቸው አብዛኞቹ ማሸጊያዎች ግን በእንግሊዝኛ ብቻ ይጻፋሉ፤ ያውም ለእንግሊዝኛ አንባቢ ሳይሆን ለማዕረግ።

ትዕግሥትም ያስፈልጋል። ቡና ስናፈላ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እንላለን። እንግዳ ገና አቦል ላይ እያለ «ስንት ትከፍላለህ?» አይባልም። ይህም የገበያ ዘዴ እንደዚያው ነው። ዛሬ ጽፎ ነገ ትርፍ የሚጠብቅ ሰው በሦስተኛው ሳምንት ያቆመዋል።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

«ጥሩ ዕቃ ራሱን ይሸጣል፣ ወሬ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። ጥሩ ዕቃ ራሱን የሚሸጠው ገዢው ቀምሶ መመለስ በሚችልበት ሰፈር ነው። ቡና ግን ባሕር ይሻገራል። የካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ በተካሄደበት በ2020 እ.ኤ.አ. አንደኛ የወጣው የአንድ የሲዳማ ገበሬ ቡና በጨረታ በፓውንድ 185 ዶላር ከ10 ሳንቲም ተሸጧል። ለዚያ ጨረታ የሚቀርብ ቡና ከገበሬው ስም፣ ከአካባቢውና ከአዘገጃጀቱ ጋር ነው የሚቀርበው። ጥራቱ ተቀምሷል፤ ምንጩም ተነግሯል። ሁሉም ቡና ያን ዋጋ ያወጣል ማለቴ አይደለም። ጥራትና መረጃ ሲጋቡ ምን እንደሚወልዱ ለማሳየት ነው።

ደግሞም መናገር ውዴታ ብቻ ሆኖ የሚቀር አይመስልም። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው የደን ምንጠራን የሚከለክል ሕግ ወደ አውሮፓ የሚገባ ቡና የበቀለበት መሬት በካርታ ነጥብ እንዲታወቅ ይጠይቃል። ተግባራዊ የሚሆንበት ጊዜ ከአንድም ሁለት ጊዜ ቢራዘምም አቅጣጫው ግልጽ ነው። ነገ መረጃውን በግዴታ የምንሰበስብ ከሆነ፣ ያንኑ መረጃ ለገዢ የሚነገር ታሪክ ብናደርገው ምን ይጎዳናል? በዋንዛ ጥላ ሥር የሚበቅል ቡና እኮ ለዚህ ሕግ የሚያፍር ቡና አይደለም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው። «ታሪኩ የገበሬው፣ ትርፉ የነጋዴው» የሚለው። በዚህ ላይ ተቃዋሚዎቹ ልክ ናቸው ብዬ አምናለሁ። የአንድ አዛውንት ገበሬ የተሸበሸበ ፊት በማሸጊያ ላይ ታትሞ፣ ሰውየው ግን ፎቶው እንደታተመ እንኳ ሳያውቅ ሊቀር ይችላል። ይህ የይዘት ሥራ አይደለም፣ የሰው ፊት መውሰድ ነው። ስለዚህ መመሪያው ግልጽ መሆን አለበት። ሰውየው ይጠየቅ፣ ምን እንደሚጻፍ ይነበብለት፣ በታሪኩ ምክንያት የተገኘ ብልጫ ዋጋ ካለም ይድረሰው። የዱሮሚና ታሪክ የሚያኮራው ባለታሪኮቹ ራሳቸው የማኅበሩ ባለቤቶች ስለሆኑ ነው።

የእኛ የጋዜጠኞቹ ድርሻ

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። እኛ በዚህ ትምህርት ክፍል ያለን ተማሪዎች ስንመረቅ ሁላችንም ዜና ክፍል አንገባም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ በካፍቴሪያ ጠረጴዛ ዙሪያ የምናወራውም ይህንኑ ነው። አንዳንዶቻችን ለድርጅቶች መጻፋችን አይቀርም። ጥያቄው እንጽፍ አንጽፍ ሳይሆን እንዴት እንጽፍ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ነጋዴ (ማንነቱን አልጠቅስም) ማርና ጥቁር አዝሙድ ለሚሸጥበት ሱቁ ጽሑፍ እንዳዘጋጅለት ጠየቀኝ። ደስ ብሎኝ ሄድሁ። የፈለገው ግን «የስኳር በሽታን ያድናል» የሚል ነበር። ማሩ ከየት ጫካ እንደመጣ፣ በየትኛው አበባ ወራት እንደተቆረጠ ልጻፍልህ ብለው «ይሄ ማንን ይስባል?» አለኝ። ሳንስማማ ተለያየን። እንደዚያ ዓይነቱን አምኖ መድኃኒቱን የሚያቋርጥ አንድ በሽተኛ ቢኖርስ? ያ ጽሑፍ ገበያ አያሳድግም፣ ሰው ይገድላል።

ሁለተኛው አደጋ የተከፈለበት ጽሑፍ ዜና መስሎ መውጣቱ ነው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ ከሌላው ዝግጅት በግልጽ ተለይቶ እንዲቀርብ ያዛል። በየገጹ የምናየው ግን ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። «ጋዜጠኛው ጎበኘው» ተብሎ የሚቀርበውን የከፈለው ራሱ የተጎበኘው ነው። እኔ የምለው፣ ለነጋዴ መጻፍ ነውር አይደለም፤ መደበቅ ነውር ነው። «ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው እገሌ ድርጅት ነው» የሚል አንድ መሥመር ከላይ ቢቀመጥ አንባቢ አይሸሽም። ጽሑፉ የሚጠቅመው ከሆነ ያነበዋል። ካልጠቀመው ቀድሞም ማታለል አይገባም ነበር።

ከዚህ በመነሣት ለትምህርት ክፍላችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በእረፍት ጊዜ ወደየመጣንበት ከተማ ስንመለስ እያንዳንዳችን አንድ ትንሽ ነጋዴ ወይም አንድ የገበሬዎች ማኅበር እንያዝ። ከሊሙ የመጣ ከሊሙ፣ ከአጋሮ የመጣ ከአጋሮ፣ ከሰቃ የመጣ ከሰቃ። በክፍል የተማርነውን አጠያየቅ ይዘን ሄደን እንጠይቅ፣ የሰማነውን እናጣራ፣ በሁለት ቋንቋ አንድ አንድ ገጽ እንጻፍላቸው። ለመምህራኖቻችን እንደ ልምምድ ሥራ ቢቆጠርልን ደግሞ ይበልጥ ይሠራል። የመኸር ዜና አጻጻፍ በክፍል ውስጥ ከምንለማመደው ቡናው በሚለቀምበት ሰሞን፣ ከኅዳር ጀምሮ፣ መፈልፈያ ደጃፍ ቆመን ብንለማመደው የምናገኘው ትምህርት የትየለሌ ነው።

አንድ ነገር ብቻ እንዳይረሳ እፈልጋለሁ። ዛሬ ስለ ሊሙ ቡና በዓለም ላይ የሚነበበው አብዛኛው ነገር በሊሙ ሰው አልተጻፈም። ውጭ ያለ ሻጭ በሁለት መሥመር ይገልጸዋል፤ ሌላው እሱን ይገለብጣል። የጻፉልን ስላዘኑልን ሳይሆን ሊሸጡበት ነው፤ አይፈረድባቸውም። የሚፈረድብን በእኛው ነው። የቡናውን ዛፍ የሚያውቅ፣ ጥላውን የሚያውቅ፣ ለቃሚዋን በስሟ የሚጠራ ሰው ዝም ብሎ፣ ያላየው ሰው ሲተርክለት መስማት የለበትም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል መባሉ ልክ ነው፤ ግን እውነትም ቢሆን አፍ አውጥቶ የሚናገርለት ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ከውጭ እስኪመጣ አንጠብቅ።

ቸር ይግጠመን።